የፀረ-ተባይ ኬሚካል በሰውነት ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞና ጉዳት ለመገመት የትኛው የስሌት መንገድ ይሻላል? በጎጃም ለሚሠሩ ተመራማሪዎችና ባለሙያዎች የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

በጎጃም በፀረ-ተባይና በፀረ-አረም ኬሚካል ጉዳይ የሚሠራ ሰው፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪም ይሁን የጤና ወይም የግብርና መምሪያ ባለሙያ፣ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። በቆጋ መስኖ ሽንኩርትና ድንች ላይ በጀርባ መርጫ የሚረጨው ገበሬ፣ በክረምት በጤፍና በስንዴ ማሳው ላይ 2,4-ዲ የተባለውን ፀረ-አረም የሚረጨው ጎረቤቱ፣ በመድኃኒት የራሰ ልብስ የምታጥበው ባለቤቱ፣ በሰውነታቸው ውስጥ ምን ያህል ኬሚካል ገባ? ወደየትኛው የአካል ክፍል ደረሰ? በስንት ጊዜስ ወጣ? ሰውን ሆን ብሎ ለኬሚካል አጋልጦ መለካት አይቻልም። በአይጥ ላይ የሚደረግ ሙከራ ውድ ከመሆኑም በላይ የሚነግረን ስለ አይጥ ነው። ስለዚህ መልሱ ከስሌት መምጣት ይኖርበታል፤ የስሌቱ መንገድ ግን አንድ ባለመሆኑ ለጀማሪ ግራ ያጋባል።

ከእነዚህ መንገዶች ዋነኛው፣ ፊዚዮሎጂን መሠረት ያደረገ ሞዴል የሚባለው፣ ሰውነትን በእውነተኛ የአካል ክፍሎቹ ይከፋፍላል። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ስብ፣ ጡንቻ፣ አንጎልና ሳንባ እያንዳንዳቸው ትክክለኛ መጠናቸውና የሚደርሳቸው የደም ፍሰት ተሰጥቷቸው በደም ዝውውር ይያያዛሉ። ኬሚካሉ ከደም ወደ እያንዳንዱ ክፍል የሚገባበት ልክ፣ ጉበት የሚያፈርሰው መጠንና ኩላሊት የሚያስወጣው መጠን በእኩልታ ይጻፋሉ፤ ኮምፒውተሩ በየሰዓቱ በየአካል ክፍሉ ያለውን ክምችት ያሰላል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1937 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጽሑፍ ያቀረበው ስዊድናዊው ቶርስተን ቴኦሬል ሲሆን፣ በኬሚካል መርዛማነት ጥናት ውስጥ ሥር የሰደደው ግን በ1984 ራምሴና አንደርሰን ስታይሪን ለተባለው፣ በ1987 ደግሞ አንደርሰንና ባልደረቦቹ ዳይክሎሮሜቴን ለተባለው የኢንዱስትሪ ኬሚካል ከሠሯቸው ሞዴሎች በኋላ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ የአይጥን የአካል መጠንና የደም ፍሰት በሰው በመተካት ከእንስሳ ወደ ሰው፣ ከከፍተኛ መጠን ወደ ዝቅተኛ፣ በአፍ ከተሰጠ ወደ በትንፋሽ ወይም በቆዳ ወደገባ መሻገር ይቻላል።

በቅድሚያ መመዘኛው

ብዙ ሰው ከሶፍትዌሩ ይጀምራል፤ ጓደኛው የሚጠቀምበትን ይጭንና ጥያቄውን ለሶፍትዌሩ እንዲመች አድርጎ ያጣምመዋል። ከዚህ ይልቅ የሚከተሉትን ነጥቦች በወረቀት ላይ ጽፎ መነሳት ይገባል።

የመጀመሪያው የጥያቄው ዓይነት ነው። ሃያ ኬሚካሎችን አወዳድሮ የትኛው ቀድሞ ይጠና ብሎ ደረጃ ማውጣት አንድ ሥራ ነው፤ በአንድ ገበሬ ሽንት ውስጥ የተገኘን መጠን ይዞ ምን ያህል እንደተጋለጠ ወደ ኋላ መቁጠር ሌላ ሥራ ነው፤ ለተቆጣጣሪ አካል የሚቀርብ የስጋት ግምት ደግሞ ከሁለቱም ይከብዳል። ሁለተኛው ኬሚካሉ የሚገባበት መንገድ ነው። ለሚረጭ ሰው ዋናው መንገድ በአብዛኛው ቆዳ ነው፤ ከጀርባ መርጫው የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ወገቡን ያርሰዋል፣ በባዶ እግር ማሳ ውስጥ ይሄዳል፣ ያለ ጓንትም ይበጠብጣል። በአፍ የገባን ብቻ የሚያሰላ ሞዴል ለዚህ ሰው መልስ የለውም።

ሦስተኛውን ነጥብ ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። ጉዳቱን የሚያደርሰው ራሱ የገባው ኬሚካል ነው ወይስ ሰውነት የሚሠራው ውጤት? ክሎርፓይሪፎስ የተባለው ፀረ-ተባይ በጉበት ውስጥ ወደ ክሎርፓይሪፎስ ኦክሰን ይለወጣል፤ የነርቭ መልእክትን የሚያጠፋውን አሴቲልኮሊንኤስትሬዝ የተባለ ኢንዛይም የሚያግደው በዋናነት ይህ ኦክሰን ነው። ሌላው ፀረ-ተባይ ማላታይንም በተመሳሳይ መንገድ ወደ ማላኦክሰን ይለወጣል። በድንች ላይ የሚረጨው ፀረ-ፈንገስ ማንኮዜብ ሲፈርስ ኤቲሊን ታዮዩሪያ የተባለ ኬሚካል ይሰጣል፤ የታይሮይድ ዕጢን የሚነካው ይህ ነው። በተቃራኒው 2,4-ዲ አብዛኛው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ገበያ በአንድ መደርደሪያ ላይ የሚሸጡ ኬሚካሎች አንድ ዓይነት ሞዴል አይበቃቸውም።

ከእነዚህ በኋላ በእጅ ያለው መረጃ፣ የሚገመተው የማን ሰውነት እንደሆነ፣ ዋጋው፣ የኮምፒውተርና የኢንተርኔት አቅም፣ ሌላ ሰው ስሌቱን ከፍቶ ማየት መቻሉ ይከተላሉ። የመጨረሻው ነጥብ የቅንጦት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010፣ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ደግሞ በ2021 ባወጧቸው መመሪያዎች ሞዴል የሚመዘነው እኩልታዎቹ፣ የግብዓት ቁጥሮቹና ምንጫቸው በግልጽ ሲቀርቡ እንደሆነ ተቀምጧል።

አንደኛው አማራጭ፦ ያለ ሞዴል፣ በመቶ ማካፈል

ይህ አሮጌው መንገድ ነው። በእንስሳ ላይ ጉዳት ያላሳየው ከፍተኛ መጠን ይወሰድና ለ100 ይካፈላል፤ 10ሩ ከእንስሳ ወደ ሰው ለመሻገር፣ ሌላው 10 በሰዎች መካከል ላለው ልዩነት ነው። በአይጥ ላይ ጉዳት ያላሳየው መጠን በቀን በኪሎ ግራም ክብደት 5 ሚሊ ግራም ቢሆን ለሰው የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ግራም ይሆናል። ኮምፒውተር አይፈልግም፣ ተቆጣጣሪዎችም ያውቁታል።

ሆኖም የመጀመሪያው 10 ራሱ ለሁለት ተከፍሏል፦ 4.0 ለኬሚካሉ በሰውነት ውስጥ ጉዞ፣ 2.5 ለአካል ምላሽ። ሁለተኛው 10ም 3.16 በ3.16 ተብሎ ተከፍሏል። ሞዴል ሊተካ የሚችለው የጉዞውን ድርሻ ነው፤ ጥሩ ሞዴል ያለው ሰው 4.0ን ትቶ ለዚያ ኬሚካል የተሰላውን ቁጥር ያስገባል። የ2,4-ዲ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። ውሻ ይህን ኬሚካል በኩላሊቱ የማስወጣት አቅሙ ደካማ በመሆኑ በደሙ ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ ሰውና አይጥ ግን በፍጥነት ያስወጡታል። በውሻ ላይ የታየን ጉዳት በ4.0 አካፍሎ ለሰው ማዋል ስጋቱን ያጋንናል፤ ለሌላ ኬሚካል ደግሞ ነገሩ ሊገለበጥና ቁጥሩ ከሚገባው በታች ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው አማራጭ፦ ሰውነትን እንደ አንድ ክፍል መቁጠር

ይህን መንገድ የሚንቁ አሉ። እኔ አልንቀውም፤ በካልኩሌተር የሚሠራ፣ በአንድ ገጽ የሚያልቅ፣ የትልቁን ሞዴል ስህተት የሚያጋልጥ ስሌት ነውና። ሁለት ቁጥር ብቻ ይፈልጋል፦ አንደኛው የስርጭት መጠኑ፣ ማለትም ኬሚካሉ በሙሉ በፕላዝማ ባለው ክምችት ልክ ቢበተን የሚይዘው የፈሳሽ መጠን፤ ሁለተኛው ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም በሰውነት ያለው በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ።

በ2,4-ዲ እንሞክረው። በሰው ላይ ግማሽ ዕድሜው 18 ሰዓት አካባቢ ነው እንበል፤ የመውጫ ፍጥነቱ 0.693 ለ18 ሲካፈል በሰዓት 0.0385 ይሆናል። የስርጭት መጠኑን ለምሳሌ ያህል በኪሎ ግራም 0.2 ሊትር ብንወስድና በርጭት ወቅት በየቀኑ በኪሎ ግራም 0.01 ሚሊ ግራም ወደ ሰውነት ቢገባ፣ አማካይ የፕላዝማ ክምችቱ 0.01ን ለ0.2 ሲባዛ 0.0385 ሲባዛ 24 በማካፈል 0.054 ሚሊ ግራም በሊትር ይመጣል። ክምችቱ ወደዚህ የሚደርሰው በአራት ወይም በአምስት ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ከሦስት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ይህ ለሽንት ናሙና ቀን ለመወሰን ይረዳል፤ ርጭቱ በተጀመረበት ማለዳ የተወሰደ ናሙና እውነቱን አያሳይም።

ለ2,4-ዲ የሠራው መንገድ ለዲዲቲ አይሠራም። ዲዲቲና ከእሱ የሚገኘው ዲዲኢ በስብ ውስጥ ተቀምጠው ግማሽ ዕድሜያቸው በዓመታት ይቆጠራል፤ በደም ያለው መጠንም ሰውየው ሲከሳና ሲወፍር ይለዋወጣል። ክረምት ገብቶ የእህል ጎተራ ሲሳሳ የሚከሳ ሰው ስቡ ሲያልቅ በውስጡ የነበረው ኬሚካል ወደ ደሙ ይመለሳል። የምታጠባ እናትም ከስቧ የወጣውን በወተቷ ታስተላልፋለች። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ስሌት ስብን ከደም ስለማይለይ ይህን ማሳየት አይችልም።

ሦስተኛው አማራጭ፦ ተዘጋጅተው የሚገኙ አጠቃላይ ሞዴሎች

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው በዚህ አማራጭ ላይ ነውና።

ኤችቲቲኬ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ያዘጋጀው፣ በአር የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራ ነጻ ጥቅል ነው። አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ይህ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ትንሽ ነገር አይደለም። ለብዙ መቶ ኬሚካሎች በላቦራቶሪ የተለኩ ሁለት ቁልፍ ቁጥሮችን ይዟል፦ በፕላዝማ ፕሮቲን ያልተያዘው ድርሻ እና በጉበት ሴል የሚፈርስበት ፍጥነት። በጥቂት መስመር ትእዛዝ ብዙ ኬሚካሎችን በአንድ ጊዜ ደረጃ ማስያዝ ይቻላል፤ በሴል ሙከራ ላይ ጉዳት ካሳየ ክምችት ተነስቶም ያንን ክምችት በሰው ደም ውስጥ የሚፈጥረውን የቀን መጠን ወደ ኋላ ይቆጥራል።

ድክመቱ ከዚሁ ቀላልነቱ ይመነጫል። በመደበኛ አሠራሩ የሚከታተለው የገባውን ኬሚካል ብቻ ነው፤ ለክሎርፓይሪፎስ ኦክሰኑን ስለማያሰላ ስለ ነርቭ ጉዳት የሚናገረው ነገር የለውም። ኩላሊትን የሚያየው በማጣሪያነቱ ብቻ ነው፤ ከፕሮቲን ነጻ የሆነው ድርሻ በኩላሊት የማጣራት ፍጥነት ይባዛል፣ በቃ። 2,4-ዲ ግን ከፕላዝማ ፕሮቲን ጋር በብዛት የሚጣበቅና ኩላሊት በማጓጓዣ ፕሮቲኖቹ እየጎተተ የሚያስወጣው አሲድ ነው፤ ስለዚህ ጥቅሉ የመውጫ ፍጥነቱን አሳንሶ የደም ክምችቱን ሊያጋንን ይችላል። ግማሽ ዕድሜውና የስርጭት መጠኑ ከሰው ልኬት የተወሰዱለት የአንድ ክፍል ስሌት ካለ፣ በዚህ ኬሚካል ላይ ከትልቁ ሞዴል ይልቅ እሱን አምናለሁ።

ኢንደስኬምፌት በኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ የተሠራ ነጻ ሞዴል ነው። በትንፋሽ፣ በአፍና በቆዳ የገባን ያሰላል፣ በሽንት የሚወጣውንም ያሳያል። ፕሮግራም መጻፍ ለማይችል የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያ ከዚህ የሚቀል የለም፤ ስሌቱም በሰንጠረዡ ውስጥ ስለሆነ ከፍቶ ማየት ይቻላል። ተሠርቶ የታሰበው ግን በይበልጥ ለፋብሪካ ሠራተኞችና ለሚተኑ ኬሚካሎች ነው።

ቲኬፕሌት የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በድረ-ገጽ ያቀረበው መድረክ ነው። ልዩ ጥቅሙ ከሰው በተጨማሪ ለእርሻ እንስሳት ሞዴል መያዙ ነው፤ በፀረ-አረም የተረጨ ማሳ ገለባ የምትበላ ላም ወተት ላይ ለሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ይህ በር ይከፍታል። በኢንተርኔት ብቻ መሥራቱ ግን ለእኛ አካባቢ ጉዳት አለው።

ፒኬ-ሲም የተወለደው ባየር በተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ሲሆን በ2017 ኮዱ ለሁሉም ተከፍቷል። ስዕላዊ ገጽ አለው፣ የሰውነት መረጃው የበለጸገ ነው፣ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለተለያዩ የላቦራቶሪ እንስሳት ይሠራል፣ የሚፈጠረውን ኦክሰን ዓይነት ውጤት መጨመርም ይፈቅዳል። መሠረቱ መድኃኒት ስለሆነ በቆዳ የሚገባን ፀረ-ተባይ ለማካተት ሞቢ በተባለው አጋሩ ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል። ዊንዶውስ ያስፈልገዋል፤ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይንቀራፈፋል።

አራተኛው አማራጭ፦ ራስ መጻፍ

ለክሎርፓይሪፎስ የምመክረው ይህን ነው። ቲምቻልክና ባልደረቦቹ በ2002 ለአይጥና ለሰው ያሳተሙት ሞዴል እኩልታዎቹን በሙሉ ያቀርባል፤ ኦክሰኑ መፈጠሩን፣ ፓራኦክሰኔዝ በተባለው ኢንዛይም መፍረሱን፣ አሴቲልኮሊንኤስትሬዝ መታገዱንና ክሎርፓይሪፎስ ሲፈርስ ተፈጥሮ በሽንት የሚወጣውን ትራይክሎሮፓይሪዲኖል ያካትታል። እኩልታዎቹን በአር ቋንቋ ዲሶልቭ በተባለው ጥቅል መጻፍ በፕሮግራም የለመደ የማስተርስ ተማሪ በትዕግሥት የሚወጣው ሥራ ነው። ኤምሲሲም የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ ከገበሬዎች የተሰበሰበ ትክክለኛ ልኬትን ከቀደመ እውቀት ጋር አዋሕዶ የእያንዳንዱን ግብዓት አስተማማኝነት ለማስላት ተመራጭ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ትራይክሎሮፓይሪዲኖል በአትክልቱ ላይ ኬሚካሉ ራሱ ሲፈርስም ይፈጠራል። ሽንኩርቱን የበላ ሰው ይህን ውጤት በቀጥታ ስለሚውጥ፣ የሽንቱን ቁጥር በሙሉ ወደ ክሎርፓይሪፎስ የሚመልስ ስሌት ተጋላጭነቱን ያጋንናል። የደም ኮሊንኤስትሬዝ ልኬት (ኦክሰኑ ኢንዛይሙን ምን ያህል እንዳገደው የሚያሳየው) ጎን ለጎን ካለ ግን ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ክሎርፓይሪፎስ በ2025 በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገድ ከነልዩ ፈቃዶቹ ተመዝግቧል፤ ሆኖም በመጋዘንና በገበያ ያለው ስለማይጠፋ ጥናቱ ጊዜ ያለፈበት አይደለም።

አምስተኛው አማራጭ፦ የሚገዙ ጥቅሎች

ሲምሲፕና ጋስትሮፕላስ ኃይለኛ ናቸው፤ የተዘጋጁት ግን ለመድኃኒት ኩባንያ ነው፣ ፈቃዳቸውም ውድ ነው። የዩኒቨርሲቲ ቅናሽ ቢገኝ እንኳ ፈቃዱ ሲያበቃ ሥራው አብሮ ይቆለፋል። ኤሲኤስኤል-ኤክስ የተባለው ተወዳጅ ሶፍትዌር በ2015 ሲቋረጥ በእሱ የተጻፉ በርካታ ሞዴሎች በሌላ ቋንቋ እንደገና መጻፍ ነበረባቸው። ለፀረ-ተባይ ጥናት ገንዘብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ባያወጣው እመርጣለሁ።

ከሶፍትዌሩ በፊት የሚገባው ቁጥር

ሞዴሎቹ ምንም ያህል ቢለያዩ የሚገባላቸው ቁጥር ደካማ ከሆነ ሁሉም አብረው ይሳሳታሉ። የትኛውን ቁጥር በጥንቃቄ መለካት እንዳለብን የጉበት ቀመር ይነግረናል። የጉበት የማጽዳት አቅም፣ የደም ፍሰቱ በጉበት ሴል የማፍረስ አቅም ተባዝቶ ለሁለቱ ድምር ሲካፈል የሚገኝ ነው። የጉበት ደም ፍሰት በሰዓት 90 ሊትር ይሁን። የማፍረስ አቅሙ 9 ሊትር በሰዓት ከሆነ ውጤቱ 8.2 ነው፤ አቅሙ ወደ 18 ቢያድግ 15 ይደርሳል። የማፍረስ አቅሙ 900 ከሆነ ግን ውጤቱ 81.8 ነው፤ ወደ 1,800 ቢያድግ 85.7 ብቻ ይሆናል። ወፍጮው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ከላይ ከሚወርደው እህል በላይ አይፈጭም። በዝግታ ለሚፈርስ ኬሚካል የላቦራቶሪ ልኬት ላይ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው፤ በፍጥነት ለሚፈርስ ግን ትኩረቱ ወደ ደም ፍሰቱና ወደ ሰውየው አካል ይዞራል።

ያ አካል የማን ነው? ኤችቲቲኬ ለስሌቱ ምናባዊ ሰዎችን በዕጣ ሲፈጥር የአሜሪካን ብሔራዊ የጤና ቅኝት ይጠቀማል። ፒኬ-ሲም የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የእስያ ሕዝቦች አሉት፤ የሜጫ ገበሬ ግን የለም። ክብደቱ 55 ኪሎ የሆነ፣ ስቡ ትንሽ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሠራና ደሙ ወደ ጡንቻው የሚሄድ ሰው ከአማካዩ አሜሪካዊ ይለያል። ቁመትና ክብደትን ራሳችን ለክተን ማስገባት ቀላል ነው፤ የኢትዮጵያ የሥነ-ሕዝብና ጤና ጥናትም የሴቶችን ቁመትና ክብደት ይዟል።

ኢንዛይም ላይም ልዩነት አለ። በ1996 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የሲዋይፒ2ዲ6 (መድኃኒቶችን የሚለውጥ የጉበት ኢንዛይም) ዘረመል ተጨማሪ ቅጂ እንደተሸከሙ አሳይቷል፤ ይህ በዓለም ላይ ከታዩት ከፍተኛ ቁጥሮች አንዱ ነው። ይህ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ለሚለውጠው የሕመም ማስታገሻ ለኮዴይን ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ክሎርፓይሪፎስን ወደ ኦክሰን የሚለውጠው ግን በይበልጥ ሲዋይፒ2ቢ6 የተባለው ሌላ ኢንዛይም ስለሆነ፣ ስለ 2ዲ6 የተነገረውን ለዚህ ኬሚካል ማዋል ስህተት ነው።

ከፍታም ይታሰብ። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። በአየር ውስጥ ያለን ኬሚካል በሚሊዮን ውስጥ ባለው ድርሻ ለክተን ወደ ሚሊ ግራም በሜትር ኪዩብ ስንቀይር የተለመደው ቀመር የባሕር ጠለልን ግፊት ስለሚገምት፣ እዚህ ቁጥሩ በሲሶ ገደማ ተጋንኖ ይወጣል።

የንጽጽር ሰንጠረዥ

| አማራጭ | የሚስማማው ሥራ | የመግቢያ መንገድ | የሚፈልገው | ዋጋ | ዋናው ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|
| በ100 ማካፈል | ፈጣን የመጀመሪያ ወሰን | በሙከራው የተሰጠበት | የእንስሳ ሙከራ ውጤት | የለውም | የኬሚካሎችን ልዩነት አያይም |
| አንድ ክፍል | 2,4-ዲን የመሰለ ቶሎ የሚወጣ ኬሚካል | የገባው መጠን ከታወቀ ማንኛውም | ግማሽ ዕድሜና የስርጭት መጠን | የለውም | ስብና የአካል ክፍሎችን አይለይም |
| ኤችቲቲኬ | ብዙ ኬሚካል ደረጃ ማስያዝ | በይበልጥ በአፍና በደም ሥር | አር ቋንቋ | ነጻ | የሚፈጠረውን ውጤትና የኩላሊትን ማጓጓዣ አያይም |
| ኢንደስኬምፌት | የሥራ ቦታ ጤና፣ የሽንት ልኬት | በአፍ፣ በትንፋሽ፣ በቆዳ | ኤክሴል | ነጻ | ለሚተኑ ኬሚካሎች ያደላ |
| ቲኬፕሌት | ሰውና የእርሻ እንስሳት | በይበልጥ በአፍ | ኢንተርኔት | ነጻ | ኔትወርክ ሲጠፋ ይቆማል |
| ፒኬ-ሲም | ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች | በአፍና በደም ሥር፤ ቆዳ በተጨማሪ ሥራ | ዊንዶውስ | ነጻ | ለመድኃኒት የተዘጋጀ |
| ራስ መጻፍ | ክሎርፓይሪፎስ፣ ማላታይን | እንደተጻፈው | እኩልታ፣ ጊዜና የፕሮግራም ችሎታ | ነጻ | ጊዜ ይፈጃል፣ ስህተት ይደበቃል |
| የሚገዙ ጥቅሎች | የመድኃኒት ልማት | ብዙ | ዓመታዊ ፈቃድ | ውድ | ፈቃድ ሲያልቅ ይቆለፋል |

ለየትኛው ሰው የትኛው

ምንም በጀት የሌለው የማስተርስ ተማሪ በአንድ ክፍል ስሌት ይጀምር፤ ከዚያ ያንኑ ኬሚካል በኤችቲቲኬ ያስላና ሁለቱ ቁጥሮች ለምን እንደተለያዩ ይጻፍ። ልዩነቱን ማብራራት ብቻውን ለጽሑፉ ጥሩ ምዕራፍ ይሆናል፤ ሁለቱ ተቀራርበው ከተገኙም ውጤቱን በልበ ሙሉነት መከላከል ይችላል።

የዞን ጤና ወይም የግብርና ባለሙያ የትኛው ኬሚካል ቅድሚያ ይሰጠው የሚለውን ለመወሰን ከሆነ ኤችቲቲኬ ይበቃዋል፤ አር የሚያውቅ ሰው በአቅራቢያው ካለ ዩኒቨርሲቲ ቢያገኝ ሥራው የቀናት ነው። ኦርጋኖፎስፌቶችን (ክሎርፓይሪፎስና ማላታይን ያሉበትን ቡድን) ግን ከዝርዝሩ ለይቶ ለብቻቸው ቢያያቸው ይሻላል፤ በገባው ኬሚካል ብቻ ሲመዘኑ ደረጃቸው ያሳስታል። የሚረጩ ሠራተኞች ያሉት የአበባ ወይም የአትክልት እርሻ የጤና ኃላፊ ደግሞ የቆዳን መንገድ ስለሚይዝለት በኢንደስኬምፌት ይጀምር።

የምርምር ድጎማ ያገኘ ቡድን ገንዘቡን ለሶፍትዌር ፈቃድ ከማዋል ይልቅ ከርጭቱ በፊትና በኋላ ባሉ ተከታታይ ቀናት ለሚወሰድ የሽንት ናሙና፣ ለማቀዝቀዣና ለደም ኮሊንኤስትሬዝ ልኬት ያውለው። በነጻ የተጻፈ ሞዴል ከመቶ ሰው ልኬት ጋር ተገናዝቦ የሚሰጠው መልስ፣ ውድ ጥቅል ያለ ምንም ልኬት ከሚሰጠው እጅግ የተሻለ ነው።

በጣና ዓሣ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ የሰውን ሞዴል ለዓሣ እንዳያውለው። ዓሣ ኬሚካሉን በስንጥቡም ይቀበላል፣ የሰውነቱ ሙቀትም የውኃው ሙቀት ነው። ኒኮልስና ባልደረቦቹ በ1990 ለቀስተ ደመና ትራውት የሠሩት ሞዴል መነሻ ይሆናል፤ ትራውት ግን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ስለሆነ የማፍረስ ፍጥነቱ ለጣና ውኃ ሙቀት መስተካከል አለበት። ለቆሮሶና ለአምባዛ ይህ ይሞከራል፤ በጣና ብቻ ለሚገኙት የባርቦ ዓይነቶች ግን የአካል መጠንና የደም ፍሰት ልኬት ሳይኖር ውጤቱን እንደ ግምት እንጂ እንደ ማስረጃ አልወስደውም።

በአገሪቱ የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ሕግ መሠረት ለሚሠራ ተቆጣጣሪ ውጤት የሚያቀርብ ሰው፣ የመረጠው ሞዴል የቱም ይሁን፣ ኮዱን ወይም የሰንጠረዡን ፋይል፣ የእያንዳንዱን ግብዓት ምንጭና በየትኛው ግብዓት ላይ ውጤቱ ይበልጥ እንደሚለዋወጥ አያይዞ ያቅርብ። የሶፍትዌሩን የስሪት ቁጥርም ይጻፍ፤ የኤችቲቲኬ መረጃና ቀመር በየስሪቱ ስለሚሻሻል፣ ያንኑ ስሌት በቀጣዩ ዓመት በአዲስ ስሪት የሚደግም ገምጋሚ የተለየ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል።